«ካይንድ»፦ አንድም ወገን፣ አንድም ደግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት! በዚህ ዕትም ይዘንላችሁ የቀረብነው ትምህርት በአንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ላይ የተመሠረተ ነው። ቃሏ «ካይንድ» ናት። እንግሊዝኛ መማር የጀመረ ሁሉ ያውቃታል። መዝገበ ቃላት ገልጠን ስንፈልጋት ግን ሁለት ፍቺ ይዛ እናገኛታለን፤ አንዱ «ዓይነት» ይላል፣ ሁለተኛው «ደግ» ይላል። በአማርኛችን «ዋና» ብለን ስንጽፍ የወንዙን ዋናም፣ አለቃውን ዋናም እንደምናነብብ ሁሉ፣ ይህችም በአጋጣሚ የተገናኙ የሁለት ቃላት ጽሕፈት ትመስላለች። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የእንግሊዝኛን ቋንቋ ታሪክ የመረመሩ ሊቃውንት ሁለቱም ፍቺዎች ከአንድ ሥር እንደ በቀሉ ይናገራሉ። ይህንን ስናውቅ ቃሏ ከሰዋስው ትምህርት አልፋ፣ በዚህ በድንበር አገራችን በየጊዜው ወደሚነሣ ጥያቄ ታደርሰናለች።

በእንግሊዝኛ «ኪን» የሚል ጥንታዊ ቃል አለ። ትርጓሜው ቤተ ዘመድ፣ ነገድ፣ የአንድ ቤት ሰው ማለት ነው። «ካይንድ» ከዚሁ ከ«ኪን» ጋር አንድ ዘር ናት። በመጀመሪያ ትርጉሟ ትውልድ፣ ወገን፣ አብሮ የተፈጠረ ጠባይ ማለት ነበር። ከዚያም ሰው ለገዛ ዘመዱ በተፈጥሮው የሚሰማውን ርኅራኄ ታመለክት ጀመር። ቀስ በቀስም፣ ዘመድ ላልሆነው ሰው ዘመድ የሚያደርገውን ያደረገ ሁሉ በዚህች ቃል ተጠራ። ይህም የሆነው ከ700 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

የጎንደር ሊቃውንት ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲተረጕሙ «አንድም» እያሉ ምስጢሩን እንደሚያወርዱት ታውቃላችሁ። ሁለተኛው «አንድም» የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ያሰፋዋል እንጂ። እኛም የነርሱን መንገድ በትሕትና ተከትለን «ካይንድ፦ አንድም ወገን፣ አንድም ደግ» ብንል ቃሏን በሚገባ የተረጐምናት ይመስለናል።

አሁን አገባቧን እንመልከት። ቃሏ ስም ስትሆን በፊቷ «ኧ» ወይም «ዘ» ወይም «ዋት» የመሳሰሉት ይመጣሉ፤ በኋላዋም ብዙ ጊዜ «ኦቭ» የሚለው መስተዋድድ ይከተላል። «ዋት ካይንድ ኦቭ ሲድ» ቢል «ምን ዓይነት ዘር» ማለት ነው። ቅጽል ስትሆን ግን የሰውን ጠባይ ትገልጣለች፤ «ሺ ኢዝ ካይንድ» ቢል «እርስዋ ደግ ናት» ማለት ይሆናል። ደግነቱ ለማን እንደ ተደረገ ለመናገር «ቱ» ይጨመራል፤ «ካይንድ ቱ ስትሬንጀርስ» ለእንግዶች ደግ የሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት ነገር አለ። «ኢት ኢዝ ቬሪ ካይንድ ኦቭ ዩ» ሲባል «ኦቭ» ብትኖርም «ዓይነት» ማለት አይደለም፤ «ደግነትዎ ነው» ብሎ ማመስገን ነው። ስለዚህ ከቃሏ በኋላ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከፊቷ ያለውንም ማየት ያሻል።

ከቅጽሏ ረቂቅ ስም ለማውጣት «ነስ» የሚለው ምዕላድ ይቀጠልና «ካይንድነስ» ይሆናል፤ ደግነት ማለት ነው። ተውሳከ ግሥ ስትሆን «ካይንድሊ» ትባላለች። ይህች የመጨረሻይቱ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እጅግ ተለምዳለች። «ካይንድሊ» ይህን አቅርቡ፣ «ካይንድሊ» ያንን ፈርሙ ይባላል፤ እዚያ ላይ ግን «እባክዎ» ከማለት በቀር ደግነት አይገኝባትም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ቍጣ መሸፈኛ ናት። «ኢን ካይንድ» የሚለው ደግሞ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። ዕርዳታ «በገንዘብ ወይም በዓይነት» ይሰጣል እንደምንለው፣ በብር ፋንታ እህል ወይም ዘይት ወይም ልብስ ሲሰጥ «ኢን ካይንድ» ይባላል።

ወደ አማርኛችን ስንመለስ ለ«ካይንድነስ» አንድ ቃል ብቻ መርጠን ማቆም አንችልም። «ደግ» ሰፊ ቃል ነው። ደግ ሰው እንላለን፣ ደግ ዘመን እንላለን፤ «ደግ ነው» ብለን እሺታችንን እንሰጣለን፤ «ደግ አደረገህ» ብለን ደግሞ በተመታ ሰው ላይ እንፈርዳለን። መተማ ገበያ ከሱዳን ነጋዴ ጋር የተገበያየ ሰው «ጠይብ» የሚለውን የዓረብኛ ቃል ሰምቶ ይሆናል። እርሱም እንደኛው «ደግ» ለጥሩ ሰውም ለእሺታም ያገለግላል። ሁለት ጎረቤታም ሕዝቦች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት አነጋገር መያዛቸው ደስ ያሰኛል።

«ቸር» በበኩሉ «ቸር ያሰማን»፣ «ቸር ይግጠመን» ስንል መልካም ማለት ነው፤ «ቸር ሰው» ስንል ግን እጁ የማይታጠፍ ሰው ማለታችን ነው። «ርኅሩኅ» የምንለው አንጀቱ የሚራራውን ነው። እንግዲህ ቸርነት የእጅ፣ ርኅራኄ የአንጀት ነው ቢባል ያስኬዳል። ርኅሩኅ ሆኖ ቸር ያልሆነ ሰው አለ፤ አይቶ፣ ከንፈሩን መጥጦ፣ አልፎ ይሄዳል። ቸር ሆኖ ርኅራኄ የጎደለውም አለ፤ ይሰጣል፣ ነገር ግን አዋርዶ ይሰጣል። የእንግሊዝኛዋ «ካይንድ» እጅና አንጀት የተባበሩለትን ሰው ለመጥራት የተመቸች ናት።

ሐዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ደግ ሰው «ክሬስቶስ» ይባላል። ቅዱስ ጳውሎስ በገላትያ 5፥22 የመንፈስን ፍሬዎች ሲቈጥር ከዚሁ የወጣውን ረቂቅ ስም ጽፏል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ቸርነት» ብሎታል፤ በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጕም «ጀንትልነስ» ሲለው፣ ኋላ የመጡት ብዙዎቹ «ካይንድነስ» ብለውታል። ጌታችን በማቴዎስ 11፥30 ስለ ቀንበሩ በተናገረበት ስፍራም የግሪኩ ጽሑፍ ይህንኑ ቅጽል ይጠቀማል፤ በአማርኛው «ልዝብ» ተብሏል። በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ይህን ለማስረዳት ከእኛ ይሻላል። ሻካራ ቀንበር ጫንቃ ይልጣል፤ የለዘበው ግን ሥራውን ሳያስቀር ቍስሉን ያስቀራል። በጥንት ጊዜ ሮማውያን «ክርስቶስ» እና «ክሬስቶስ» የሚሉትን በድምፅ ያምታቱ ነበር። የሰሜን አፍሪካው ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለአሳዳጆቹ መልስ ሲጽፍ፣ ስማችንን አሳስታችሁ ስትጠሩን እንኳ የደግነትን ስም እየሰጣችሁን ነው የሚል አሳብ አስፍሯል። ለኛ ለክርስቲያን ወጣቶች ይህ የሚያስደስትም የሚያስደነግጥም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ቅዱስ የከፈተ ሰው «ካይንድ» የምትለዋን ቃል ገና በዘፍጥረት 1 ላይ ያገኛታል። ዕፅዋትም፣ አራዊትም፣ ወፎችም እንደየ «ካይንዳቸው» ተፈጠሩ ይላል። የእኛ አማርኛ በዚያው ስፍራ «ወገን» የሚለውን ቃል አስገብቷል። የአማርኛው ተርጓሚዎች ለዚህ ነገር የመረጡት ቃል ከእንግሊዝኛዋ የጥንት ሥር ጋር መግጠሙን ልብ በሉ። ለዓሣው ዓሣ ወገኑ ነው፣ ለስንዴው ስንዴ ወገኑ ነው። ሰው ሲፈጠር ግን «እንደ ወገኑ» አልተባለም፤ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ ተባለ እንጂ። አባቶች ስለዚህ ብዙ ያስተማሩት አለ፤ ለእኛ ለአሁኑ የሚበቃን፣ በዚያ ምዕራፍ ላይ የሰው ልጅ በነገድ በነገድ ተከፍሎ አለመፈጠሩ ነው። እንግሊዞች የሰውን ልጅ ሁሉ በአንድነት «ማንካይንድ» ማለታቸውም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ የሰው ወገን አንድ ነው።

ሁለቱ ፍቺዎች ፊት ለፊት የሚገናኙበት ግን መጽሐፈ ሩት ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሩት ሞዓባዊት ናት፤ ባልዋ ሞቶባት፣ አማቷን ተከትላ፣ የማታውቀው አገር መጥታ፣ ከአጫጆች ኋላ እየቃረመች የምትኖር መጻተኛ ናት። ቦዔዝ ከእርሻው እንድትቃርም ፈቀደላት፤ ሠራተኞቹም እንዳያስቸግሯት አዘዘ፤ እንዲያውም ከነዶው እየመዘዙ እንዲጥሉላት ነገራቸው። ማታ ለኑኃሚን ይህን ብትነግራት ኑኃሚን ሁለት ነገር አከታትላ ተናገረች (ሩት 2፥20)። አንደኛ፣ ቸርነት አልተቋረጠም አለች፤ ሁለተኛ፣ ሰውየው የቅርብ ዘመዳችን ነው አለች። በእንግሊዝኛው በዚያች በአንዲት ቍጥር «ካይንድነስ» እና «ኪን» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እናትና ልጅ ከብዙ ዘመን መለያየት በኋላ የተገናኙ ይመስላል።

በዕብራይስጡ «ቸርነት» የተባለው ቃል «ሔሴድ» ነው። ይህ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ቃል ኪዳን ያለው ሰው ቃል ኪዳኑን ሳያጥፍ የሚያደርገው በጎነት ነው። ማይልስ ከቨርዴል በ1535 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ቅዱስን በእንግሊዝኛ ሲያሳትም ለ«ሔሴድ» የሚበቃ ቃል ስላጣ «ላቪንግ ካይንድነስ» የሚል ቃል ፈጠረ፤ ፍቅር ያለበት ደግነት እንደ ማለት ነው። ቦዔዝ ለኑኃሚን ዘመድ ነው፤ ለሩት ግን በሥጋ ምኗም አይደለም። ዘመድ ያደረጋት ያደረገላት ነገር ነው።

በዚህ ትምህርት ላይ ስንወያይ ከመካከላችን አንድ ወንድማችን ጠንከር ያለ ጥያቄ አነሣ። «የራሳችን ወገን ከቀዬው ተፈናቅሎ፣ ከደጋ የመጣው የሰሊጥ ሠራተኛ በወባና በካላዛር ታሞ በየዛፉ ሥር ወድቆ ሳለ፣ ድንበር ተሻግሮ ለመጣ ሰው ልብስ የምንሰበስበው በየትኛው ሚዛን ነው?» አለ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ በቀላሉም አይመለስም። ለገዛ ቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ጽፏል። በገላትያ 6፥10ም ለሁሉ መልካም እናድርግ ካለ በኋላ የእምነት ቤተ ሰዎችን ለይቶ ጠርቷል። ስለዚህ ቅርብ ያለውን ማስቀደም ኃጢአት አይደለም።

አንዲት እኅታችን ግን እንዲህ ስትል መለሰችለት። «ይህ የሰሊጥ ሠራተኛ ወገናችን የሚሆነው ሱዳናዊው አጠገቡ ሲቆም ብቻ ነው። ብቻውን ሲሆን ‹መጤ› እንለው የለምን?» አለችው። ቤቱ ጸጥ አለ። እውነትም ለአረም በክረምት፣ ለአጨዳ ከመስከረም ጀምሮ በብዙ ሺህ ሆኖ ወደ ቆላው የሚወርደው ሰው፣ ሜዳ ላይ ሲያድር የአሸዋ ዝንብ ነድፋው ካላዛር የሚይዘው ሰው፣ ስሙን እንኳ ጠይቀን የምናውቀው ስንቶች ነን? «ወገን» እንደ መለኪያ ስንይዘው ሁልጊዜ እየጠበበ የሚሄድ ቃል ነው። ከሱዳናዊው ፊት ኢትዮጵያዊው፣ ከሌላው ኢትዮጵያዊ ፊት የክልላችን ሰው፣ ከክልላችን ሰው ፊት የቀበሌያችን ሰው፣ በመጨረሻም እኛው ራሳችን ብቻ እንቀራለን።

ይህንን በአገራችን ታሪክ ማየት ይቻላል። መተማ በጦርነት የታወቀች ናት፤ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ያረፉት በዚህ ነው፤ ከተማይቱም መተማ ዮሐንስ እየተባለች ትጠራለች። ነገር ግን በዚያው ድንበር የተሻገረው ጦር ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብና ጦርነት ሲበረታ ከጎንደር፣ ከትግራይና ከሌላውም ስፍራ የወጡ ኢትዮጵያውያን በእግራቸው ወደ ገዳሪፍ ምድር ገቡ። ከጎንደር የወጡት ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል እስኪወሰዱ ድረስ በኡም ራኩባ መጠለያ ሰንብተዋል፤ ብዙዎችም በመንገድና በመጠለያው ሞተው ቀርተዋል። ይኸው ኡም ራኩባ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት ዳግመኛ ተከፈተ፤ የምሥራቅ ሱዳን መንደርተኞችም ድኾች ሳሉ ምግባቸውን አካፈሏቸው። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ከዚሁ ከአካባቢያችን ግጭት የሸሹ የቅማንት ተወላጆች ወደ ገዳሪፍ ተሰድደዋል። የኛ ሰው እዚህ ወገን አይደለህም ሲባል እዚያ የተቀበለው ሌላ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህንን መጻፍ አያስደስተንም፤ ነገር ግን ስለ «ወገን» እያስተማርን ልንዘልለው አንችልም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በፈነዳ ጊዜ ተራው ተገላበጠ። በገላባትና በመተማ ዮሐንስ መካከል ባለችው ድልድይ ሱዳናውያን፣ ከስደት የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ በሱዳን ተጠግተው የነበሩ ኤርትራውያን፣ የሌሎችም ብዙ አገሮች ሰዎች ተሻገሩ። ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በሸሕዲ በኩል ስለሚያልፍ እኛም አየናቸው። ውኃ ያቀበለ፣ ዳቦ የሰጠ፣ በረንዳውን የለቀቀ ብዙ ሰው ነበር። ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን ቀጥሎ የሆነውም አይካድም። ስደተኞቹ በኩመርና በአውላላ ሰፍረው ሳሉ ዝርፊያና እገታ ደረሰባቸው፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉት ተስፋ ቆርጠው ከመጠለያ ወጡ፤ ለወራትም በመንገድ ዳር ባለ ጫካ ተቀመጡ። በክልላችን በነበረው ግጭት ነዋሪውም ቢሆን ከዝርፊያና ከእገታ ያልዳነ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም መጻተኛ የሚጮኽለት ዘመድ ስለሌለው ይበልጥ ይጠቃል።

ስለዚህ የሐዋርያት ሥራ 28ን ደግመን ስናነብብ አንድ ያላስተዋልነው ነገር አገኘንበት። ቅዱስ ጳውሎስ ከተሳፈረባት መርከብ 276 ነፍስ ከማዕበል ወጥተው መላጥያ ደሴት ደረሱ። የደሴቲቱ ሰዎች ክርስቲያን አልነበሩም፤ ቋንቋቸውም ሌላ ነው። ዝናብና ብርድ ነበርና እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። ሉቃስ ይህንን ደግነት በግሪክኛ «ፊላንትሮፒያ» ይለዋል፤ ሰውን መውደድ ማለት ነው፤ በቅዳሴያችን እግዚአብሔርን «መፍቀሬ ሰብእ» እያልን ከምንጠራበት ስም ጋር አንድ ፍቺ አለው። እንግሊዝኛው «ካይንድነስ»፣ አማርኛው «ቸርነት» ብሎታል። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ስለ እሳቱና ስለ እፉኝቷ ይነግሩናል። እኛን የገረመን ግን 11ኛው ቍጥር ነው፤ እንግዶቹ በደሴቲቱ ሦስት ወር ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ማታ እሳት ማንደድ ለማንም አያዳግትም። በሁለተኛው ወር እህል ሲያንስ፣ ወሬ ሲበዛ፣ እንግዳው የአገር ሰው መምሰል ሲጀምር ነው ደግነት የሚከብደው። የመላጥያ ሰዎች ግን ሲሸኟቸውም የሚያስፈልጋቸውን ስንቅ ጭነውላቸዋል።

አንድ የመጨረሻ የአጠቃቀም ነገር እናንሣ፤ ለኛ አገር በጣም ያስፈልጋልና። «ካይንድ» የማትገባበት ቦታ አለ። የሰሊጥ ሠራተኛን ደመወዝ በቀጠሮው ቀን የከፈለ ባለ እርሻ «ደግ ሰው» ሲባል እንሰማለን። ይህ የቃሉ አገባብ ስሕተት ነው። ዕዳን መክፈል ደግነት አይባልም፤ መከልከል ግን በደል ነው። ኦሪት ዘዳግም 24፥15 የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ቅዱስ ያዕቆብም በ5፥4 የአጫጆች ደመወዝ እንደሚጮኽ ተናግሯል። ብሩን አስቀርቶ «በዓይነት» እከፍላለሁ የሚልም፣ እህሉን ከገበያ ዋጋ በላይ ከቈጠረበት «ኢን ካይንድ» ከፈለ ይባላል እንጂ «ካይንድ» አይባልም። ለታመመው ሠራተኛ መኝታ መስጠት፣ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ቤተ ሰቦቹን ፈልጎ ስልክ መደወል ግን ማንም በሕግ ያላስገደደን ነውና በትክክል «ካይንድነስ» ነው።

ለመጪው እሑድ እያንዳንዱ አባል መጽሐፈ ሩትን አራቱንም ምዕራፍ አንብቦ እንዲመጣ ይሁን። እንግሊዝኛ የሚችሉ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አድርገው «ካይንድነስ» የምትለዋ ቃል የት የት እንደ ገባች፣ በአማርኛው በምን ቃል እንደ ተመለሰች በደብተራቸው ይጻፉ። ዓረብኛ የሚያውቁ የመተማ ልጆች ደግሞ በሱዳን ዓረብኛ ለደግ፣ ለቸርና ለዘመድ የሚባሉትን ቃላት አዘጋጅተው ቢመጡ ለሁላችንም ይጠቅመናል። ባለፈው የተጀመረው የልብስ ማሰባሰብ እንደ ቀጠለ ነው፤ ሳጥኖቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ለስደተኞች፣ ሁለተኛው ለታመሙ የሰሊጥ ሠራተኞች። ማን በየትኛው እንደ ጨመረ አይመዘገብም።

ይቆየን።